የጄኔሬተሩ ቁልፍ ለምን አንቺ ጋ ያድራል?

ጥያቄ፦ "33 ዓመቴ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ዳቦ ቤት ከከፈትኩ አምስት ዓመት ሆነኝ። ዘጠኝ ሠራተኞች አሉኝ፤ አራቱ የሌሊት ናቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ ደመወዝ ሁለት ጊዜ ጨምሬላቸዋለሁ። ለፋሲካ ለእያንዳንዳቸው ዶሮና ዘይት ሰጥቻለሁ። ቤተሰብ ነን እያልኩ ነው የምነግራቸው። ግን ያው ናቸው። ዓይኔ ከሌለ ሥራ የለም። ካሜራ አስገጠምኩ፤ ያረፈደውን 100 ብር መቅጣት ጀመርኩ፤ ጭራሽ ባሰባቸው። ዋናው ጋጋሪዬ ጥሎኝ ፋብሪካ ገባ። እኔ ደግሞ እንቅልፍ የለኝም። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ይደውሉልኛል፤ የጄኔሬተሩን ቁልፍ ይዤ እሮጣለሁ። ደመወዝ አንዳንዴ ሳምንት አሥር ቀን ይዘገይብኛል እንጂ የማንንም አላስቀረሁም። ልቤ ይመታል፣ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፣ በትንሹም በትልቁም እጮኻለሁ። አሁን አሁንማ ደንበኛ ሲገባ እንኳ ያስጠላኛል። የሞቲቬሽን ሥልጠና ላስገባቸው ወይስ ቦነስ ልጀምር? ጭንቀቱንስ የባለቤትነት ዕዳ ነው ብዬ ልቻለው? ሁለተኛ ቅርንጫፍ ለመክፈትም አስቤ ነበር። ታናሽ እህትዎ።"

ምላሽ፦ ለሠራተኞችሽ መቀዝቀዝ አንድ መድኃኒት፣ ለአንቺ ጭንቀት ደግሞ ሌላ መድኃኒት ፈልገሻል። በሽታው ግን አንድ ነው። ምልክቱን ራስሽ ጽፈሽዋል፤ ሳትቆሚበት አለፍሽው እንጂ። የጄኔሬተሩ ቁልፍ አንቺ ጋ ነው የሚያድረው።

እስቲ አስቢው። አራት ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ሲያቦኩ፣ ሲቆርጡ፣ ሲጋግሩ ያድራሉ። ስንት ኩንታል ዱቄት፣ ያን ሁሉ ምድጃ አምነሽ ሰጥተሻቸዋል። መብራት ሲጠፋ ግን ከአራቱ አንዱም ጄኔሬተር ማስነሳት አይችልም። መደወልና መጠበቅ ነው ሥራቸው። አንቺም ስልኩን ትራስሽ ሥር አድርገሽ፣ ተኝተሽም ሳትተኚ ታድሪያለሽ። እነሱ ሥራውን የኛ ነው እንዳይሉት ያደረገውም፣ አንቺን እንቅልፍ የነሳሽም ያው ቁልፍ ነው።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከዓመታት በፊት አንዲት የዳቦ ቤት ባለቤት "ሠራተኞቼ ሰነፎች ናቸው፤ መጥተህ እይልኝ" ብላኝ አንድ ሌሊት አብሬያቸው አደርኩ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ መብራት ድርግም አለ። ሊጡ ተቆርጦ፣ ተደርድሮ፣ ኩፍ ብሎ ምድጃ ሊገባ ነበር። ጋጋሪው የስልኩን መብራት አብርቶ አንዱን ሊጥ በጣቱ ጫን አደረገው። ሊጡ ቀስ ብሎ ተመለሰ። "አሁን ቢገባ ደርሷል" አለኝ። ለባለቤቷ ደወለ፤ አላነሳችም። ደግሞ ደወለ። ሌሎቹ የዱቄት ጆንያ ላይ አረፍ አሉ። አንዱን እንቅልፍ ወሰደው። አርባ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጋጋሪው ያንኑ ሊጥ እንደገና ነካው። ጣቱ የነካው ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። "አለፈበት" አለና እጁን በሽርጡ ጠረገ።

ባለቤቷ ስትደርስ ያየችው የተኛ ሰው፣ የኮመጠጠ ሊጥና ዝም ያለ ጋጋሪ ነው። ጮኸች። ከውጭ ለገባ ሰው ነገሩ ስንፍና ይመስላል። እኔ ግን አርባውን ደቂቃ አብሬው ቆሜ ነበርና ጋጋሪው እንዴት እንደተንሰፈሰፈ አውቃለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ግን እንደዚያ እንደማይንሰፈሰፍም ገብቶኝ ነበር። ሰው ያወቀውን ማድረግ ሲከለከል ጥቂት ይናደዳል፤ ከዚያ ይለምደዋል። አንቺ "ያው ናቸው" ያልሽው የለመዱት ናቸው።

"ዓይኔ ከሌለ ሥራ የለም" ማለትሽ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን የሰዎቹ ጠባይ አድርገሽ አትውሰጂው። ሁሉ ነገር አንቺን እየጠየቀ የሚሠራ ከሆነ፣ አንቺ የሌለሽ ለት ሥራው መቆሙ አይቀርም። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሊጥ ቶሎ አይነሳም። ውኃው ሞቅ ይላል፣ ወይ እርሾው ይጨመራል፣ ወይ ቀደም ብሎ ይቦካል። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው እጁ ሊጥ ውስጥ ያለው ሰው ነው። በሰኔ የተነገረውን ልክ በታኅሣሥ ሳያስፈቅድ መቀየር ካልቻለ፣ ያወቀውን ይዞ ዝም ይላል። ዳቦው ደርቆ ሲወጣ "እንዳሉኝ ነው የሠራሁት" ይልሻል። እውነቱን ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ሁለት ጊዜ ጨምረሽ ለውጥ ስላላየሽ "ገንዘብ አይገባቸውም" ወደሚል ሐሳብ እየሄድሽ ይመስለኛል። እዚያ አትድረሺ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዘይቱም፣ ኪራዩም፣ ትራንስፖርቱም የት እንደደረሰ አንቺ በዱቄቱ ታውቂዋለሽ። የጨመርሽው ብር ምናልባት የጎደለውን ሞልቶ ይሆናል። የሞላ ጉድጓድ ላይ ቆሞ ማንም አይጨፍርም። ባትጨምሪ ኖሮ ግን ከጋጋሪው ጋር ሌሎች ሁለት ሦስት ሰዎችም ይሄዱ ነበር። ስለዚህ ገንዘብሽ ከንቱ አልቀረም፤ የሠራው ሌላ ሥራ ነው።

ይህን ልዩነት ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከብዙ ዓመት በፊት አስተውሎታል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ፒትስበርግ አካባቢ 200 ያህል መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን አነጋገረ። በሥራችሁ እጅግ ደስ ያላችሁ መቼ ነው? የከፋችሁስ? ብሎ ጠየቃቸው። የከፋቸውን ሲያወሩ የድርጅቱ ደንብ፣ የአለቃ ቁጥጥር፣ የደመወዝ ነገር ይበዛል። ደስ ያላቸውን ሲያወሩ ደግሞ የሠሩት ሥራ የተሳካበት፣ የተመሰገኑበት፣ ኃላፊነት የተሰጣቸው ቀን ይመጣል። የሚያስከፋውን ማስወገድና የሚያነሳሳውን መስጠት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው ማለት ነው። በርግጥ እነዚያ ሰዎች ደህና ደመወዝ ያላቸው ባለሙያዎች ነበሩ። የቤት ኪራይ የሚያስጨንቀው ሰው ላይ ውጤቱን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ለአንቺ የሚጠቅመው ቅደም ተከተሉ ነው፦ መጀመሪያ የሚያስከፋው ይነሳ።

በአንቺ ቤት ከሚያስከፋው ሁሉ የከፋው የደመወዝ ቀን መንሸራተት ነው። "ይዘገይብኛል እንጂ የማንንም አላስቀረሁም" ብለሽ በግማሽ ዓረፍተ ነገር አልፈሽዋል። ለእነሱ ግን ግማሽ ዓረፍተ ነገር አይደለም። አከራይ አሥር ቀን አይጠብቅም። እቁብ የገባ ሰው በቀኑ ካልጣለ ዳኛውና ጓደኞቹ ፊት ያፍራል። የሱቅ ዱቤ ይዘጋበታል። በሚያዝያ የሰጠሽው ዶሮ በግንቦት የዘገየውን ደመወዝ አያስረሳም። ደስ ብሎሽ፣ ከልብሽ እንደሰጠሽው አውቃለሁ፤ ግን ከዶሮውና ከደመወዙ ቀን አንዱን ምረጪ ብትባዪ ቀኑን ምረጪ።

ይህ ደግሞ የሚስተካከል ነገር ነው። የዘጠኙ ደመወዝ በወር 63,000 ብር ነው እንበል። የአሠሪ የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ ሲጨመር 69,930 ይሆናል። ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 2,331 ብር። ሌላ የባንክ ሒሳብ ክፈቺ። በየቀኑ ሱቁ ሲዘጋ፣ የዱቄት ነጋዴው ሳይደውል፣ 2,350 ብር እዚያ አስገቢ። ያ ብር ዳቦ ቤቱ ያበደረሽ አይደለም፣ የአንቺም አይደለም፤ የእነሱ ነው። አንድ ቀን ማስገባት ካልቻልሽ ችግሩን ወሩ ሳያልቅ ያን ቀን አወቅሽው ማለት ነው። ለራስሽም የተወሰነ ደመወዝ ቁረጪ። ከመሳቢያው እያነሱ ቤት መቀለብ፣ ስንት እንደተረፈ አለማወቅን ያመጣል። ሌሊት ልብ ከሚያስመታው ውስጥ ግማሹ ይህ አለማወቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቅጣቱን ዛሬውኑ አንሺ። ጉዳዩ የሕግም ጉዳይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ተስማምቶ ካልሆነ ከደመወዝ መቀነስ አይቻልም። በእነዚህ ምክንያቶች ቢቀነስ እንኳ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። በዚያ ላይ ቅጣት የማርፈድን ዋጋ ይተምናል። 100 ብር ከፍሎ ያረፈደ ሰው "ከፍያለሁ" ብሎ ሕሊናው ያርፋል። የሚያረፍደውን ሰው ለብቻው ጠርተሽ ጠይቂው። ሌሊት ሰባት ሰዓት የሚገባ ሰው በምን ይመጣል? ባጃጅ አለ? ጅብስ? አንዳንዴ መልሱ የፈረቃውን መግቢያ ወደ ማታ ሦስት ሰዓት አምጥቶ እዚያው ማሳደር ይሆናል። እንደዚያ ካደረግሽ ሰዓቱን ቁጠሪው። መደበኛው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ከማታው 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት ክፍያው የመደበኛው አንድ ከሰባ አምስት እጥፍ ነው። በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በበዓል ሁለት ተኩል። ለገና ዋዜማ ድፎ ሲደረደር አድሮ በማግስቱ "ቤተሰብ ነን" የሚባል ሰው፣ ቃሉን የሚሰማው እንደ ዕዳ መሰረዣ ነው። አንቺ ከልብሽ ብትዪውም። ቤተሰብ የሚለውን ቃል ለለቅሶና ለሠርጋቸው አስቀምጪው። እዚያ ስትገኚ ራሱ ይናገራል።

ካሜራው በባንኮኒውና በበሩ ላይ ይቆይ፤ ገንዘብ ያለበት ቦታ ነው። ምድጃው ክፍል ያለውን ግን አንሺው። ስልክሽ ላይ እያየሽ ከቤትሽ "ለምን ቆመሃል?" ብለሽ የምትደውዪ ከሆነ፣ ሁለታችሁንም እየጎዳ ነው። ጋጋሪ መቆም አለበት። ሊጥ እስኪነሳ ይቆማል።

አሁን ቁልፉን ለማን እንስጥ? ከአራቱ የሌሊት ሠራተኞች ውስጥ ሌሎቹ ሲቸገሩ ማንን ነው የሚጠይቁት? አንጋፋው ላይሆን ይችላል። አንቺ ጋ ደፍሮ የሚያወራውም ላይሆን ይችላል። ያን ሰው የሌሊት ኃላፊ አድርጊው። የኃላፊነት አበል ጨምሪለት፤ 1,000 ብርም ቢሆን በስሙ ይከፈል። ከዚያ በግማሽ ገጽ ጻፊለት። ሳይደውል የሚወስነው፦ ጄኔሬተር ማስነሳትና ማጥፋት፣ የእርሾና የውኃ ልክ እንደ ብርዱ መቀየር፣ የዱቄቱ ጠባይ ካላማረው ሌላ ኩንታል መክፈት፣ ለአስቸኳይ ነገር እስከ 1,500 ብር ማውጣት። የሚደውለው፦ ሰው ሲጎዳ፣ እሳት ሲነሳ፣ ምድጃው ጨርሶ እምቢ ሲል። ሌላ ስልክ የለም። ወረቀቱን አብራችሁ አንብቡና ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ አንዱን ቅጂ ግድግዳው ላይ ለጥፉት። ሌሎቹም ማንን እንደሚሰሙ ይወቁ።

መጀመሪያ ግን ሦስት ሌሊት አጠገቡ ቆመሽ ጄኔሬተሩን እሱ ያስነሳ። ቀልድ አይደለም፤ የጄኔሬተር ጭስ የማይሸት መርዝ አለው። ከቤት ውጭ፣ ከመስኮትና ከበር ራቅ ብሎ ይቀመጥ። እየሠራ ነዳጅ አይሞላበት፤ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ። ነዳጁ ይሰረቃል ብለሽ ትሰጊ ይሆናል። ስጋትሽ ተገቢ ነው። ደብተር አንጠልጥዪ፦ የተነሳበት ሰዓት፣ የጠፋበት ሰዓት፣ የተሞላው ሊትር። በወር አንድ ጊዜ ብታስተያዪው በሰዓት ስንት እንደሚፈጅ ታውቂያለሽ። የሚጎድል ካለ ይታያል።

ሰውየው ይሳሳታል። በመጀመሪያው ወር፣ ምናልባትም በመጀመሪያው ሳምንት። አንድ ሌሊት ሳያስፈልግ ጄኔሬተር ያስነሳል፣ ወይ እርሾ ያበዛና ዳቦው ይተነፍሳል። ጠዋት ገብተሽ በሰው ፊት ከጮኽሽበት፣ ያን ቀን ቁልፉ ተመልሶ ወደ አንቺ ይመጣል። በእጁ ቢቀር እንኳ ሌሊቱን ይደውልልሻል። ያሳሰበውን ጠይቂው፦ ምን አይተህ ነው? በሚቀጥለው ምን ታደርጋለህ? አምስት ደቂቃ ይበቃል። ጩኸት የሚያስከትለውን አንድ ነገር ልንገርሽ። የሚጮኽበት ዳቦ ቤት ውስጥ ያረረው ዳቦ ከደህናው ሥር ተደብቆ ለደንበኛ ይሸጣል። ባለቤቱ የሚያውቀው ደንበኛው ከሄደ በኋላ ነው።

ምስጋናም ቢሆን ዝርዝር ያለው ይሁን። "ጎበዞች ናችሁ" ለሁሉም የሚባል ነው፤ ማንም ጆሮው አይገባም። "ትናንት መብራቱ ሲቆራረጥ ሁለተኛውን ቡኮ ማዘግየትህ 200 ዳቦ አተረፈልን" ካልሽው ግን ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ይነግራታል።

ይህን ከራሴም ሕይወት አውቀዋለሁ። በወጣትነቴ ትንሽ ማተሚያ ቤት ነበረኝ። ቀለም ለመደባለቅ እንኳ እኔን ይጠብቁ ነበር። አባቴ ታሞ ሦስት ሳምንት ገጠር ቀረሁ። ስልክ በማይደርስበት ቦታ። ሥራው ቆሟል ብዬ ልቤ ተሰቅሎ ስመለስ ሁለት ትእዛዝ ተበላሽቶ፣ አሥራ አራቱ በቀኑ ወጥቶ አገኘሁት። ከሁሉ ይልቅ የማልረሳው የልጆቹን ፊት ነው። የሠሩትን እየተሽቀዳደሙ ያሳዩኝ ነበር። አንድም ሥልጠና አልወሰዱም።

ሥልጠና ላስገባቸው ላልሽው መልሴ አይሆንም ነው። ተናጋሪው ጥሩ ከሆነ አንድ ቀን ያጨበጭባሉ። ሰኞ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ቁልፉ የለም። ያን ገንዘብ ለኃላፊው አበል አድርጊው። የሙያ ሥልጠና ከሆነ ግን፣ ስለ ዳቦ አዘገጃጀትና ስለ ማሽን ጥገና፣ ለዚያ አትሰስቺ። ሙያው ያደገ ሰው ራሱን ያከብራል።

ቦነሱን ለሦስተኛው ወር አቆዪው። ደመወዝ በሚዘገይበት ቤት ቦነስ ማወጅ መቀለድ ይሆንብሻል። ስትጀምሪም በዳቦ ብዛት አትስጪ። በብዛት ከሰጠሽ ዳቦው ይበዛል፤ ግራሙ ይቀንሳል፣ ያልበሰለው ይወጣል። ለአንድ ሰው ብቻም አትስጪ፤ አቡኪው ካላቦካ ጋጋሪው አይጋግርም። የሚሻለው የተበላሸውንና የተመላሹን ዳቦ መቁጠር ነው። አሁን በቀን 120 ዳቦ ይባክናል እንበል። ወደ 60 ከወረደ፣ ከተረፈው ዋጋ ግማሹን በየሁለት ሳምንቱ ለሁሉም እኩል አካፍዪ። ትንሽ ገንዘብ ነው። ግን ከየት እንደመጣ ሁሉም ያውቀዋል።

ጭንቀቱን እንደ ባለቤትነት ዕዳ ልቻለው ወይ ብለሻል። አትቻዪው። ሥራ ስለበዛ ብቻ ሰው እንዲህ አይሆንም። ሮበርት ካራሴክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳየው ነገር እዚህ ይጠቅመናል። ሰውን የሚጎዳው የሥራው ጫና በዝቶ የመወሰን አቅሙ ሲያንስ ነው። ባለቤት ነኝና ሁሉም በእጄ ነው ትዪ ይሆናል። አይደለም። መብራቱ በእጅሽ አይደለም። የዱቄት ዋጋ በእጅሽ አይደለም። በዚህ ላይ በእጅሽ ያለውን የሌሊት እንቅልፍ እንኳ ለስልኩ አሳልፈሽ ሰጥተሻል። ሠራተኞችሽም እንደዚያው፦ ጫናው የእነሱ፣ ውሳኔው የአንቺ። ሁለታችሁም የምትሰቃዩት በአንድ ነገር ነው ያልኩሽ ለዚህ ነው።

"ደንበኛ ሲገባ ያስጠላኛል" ያልሽው ከሁሉ አሳስቦኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥራ የሚመጣ መዛልን ሲገልጽ ሦስት ምልክቶች አስቀምጧል፦ ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው መሸሽ ወይም መጥላት፣ የሚሠሩት ሁሉ ውጤት የሌለው መስሎ መታየት። ሁለቱን ጽፈሽልኛል፤ ሦስተኛውም በመስመሮቹ መሐል አለ። ይህ የጠባይሽ ነገር አይደለም። በረፍትና ሸክም በማካፈል የሚመለስ ነው።

ነገር ግን ሁሉን ነገር ጭንቀት ነው ብለሽ አትዝጊው። ከዳቦ ቤቱ በፊት የምታስተካክዪው ይህን ነው፤ በዚህ ሳምንት ሐኪም ቤት ሂጂ። ልብ መምታት ከደም ማነስም፣ ከእንቅርት ዕጢ መዛባትም ይመጣል። ጨጓራም በባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ ለራስ ምታት ብለሽ በባዶ ሆድ የምትውጪው ማስታገሻ ካለ እሱም ሊያቃጥል ይችላል። ምርመራው ቀላል ነው። ደረትሽን ጨምድዶ ይዞ ወደ ክንድሽ ወይ ወደ መንጋጋሽ የሚሄድ ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብ ካለ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ያኑ ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ነገር ደስ የማይልሽ ከሆነ፣ ወይም መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ለምታምኚው ሰው ዛሬውኑ ተናግረሽ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እዪ። ለእብደት ነው የሚባለውን ተዪው። ጸበልሽንም ተጠመቂ፣ ምርመራውንም አታስቀሪ።

ስለ እንቅልፍ ብዙ አልልም። ቡና ግማሹ ከደም ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ማታ 12 ሰዓት አቦል፣ ቶና ብለሽ ከጠጣሽ፣ ሌሊት 5 ሰዓት ግማሹ ገና ደምሽ ውስጥ ነው። ቡናውን ወደ ጠዋት አምጪው። ቁልፉን ከሰጠሽ በኋላም እንቅልፍ ወዲያው አይመለስም። አሥር ሰዓት ላይ ያለ ስልክ ትነቂያለሽ። ሰውነትሽ ለምዶታል። ሁለት ሦስት ሳምንት ታገሺው።

በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ዳቦ ቤቱ ጋ አትድረሺ። ለሠራተኛ 24 ሰዓት የማይቋረጥ የሳምንት ዕረፍት በሕግ ተቀምጧል፤ ለአንቺ ማንም አላስቀመጠልሽም፣ ራስሽ አስቀምጪ። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ወስደሽ በአንድ ወረቀት ላይ የሚመጣውን ሳምንት ክፍያ ጻፊ፦ ዱቄት፣ ኪራይ፣ ነዳጅ፣ ግብር። ወረቀት ላይ የተጻፈ ዕዳ ሌሊት አይቀሰቅስም።

ይህ ሁሉ የማይፈታው ነገር አለ። ደብረ ብርሃን ዛሬ የፋብሪካ ከተማ ናት። ቀን ሠርቶ ማታ ቤቱ የሚገባበት ሥራ ያገኘ ጋጋሪ ይሄዳል። ልጅ ወልዶ ሌሊት መሥራት የሰለቸውን ሰው በምንም ማነሳሻ አታቆዪውም። ጥፋተኛም አድርገሽ አትዪው። መከላከያው ለእያንዳንዱ ሥራ ሁለት የሚያውቁ ሰዎች መኖራቸው ነው። ከዘጠኙ አንዱ ደግሞ በእውነት የማይሠራ ሊሆን ይችላል። ደመወዙ በቀኑ እየተከፈለው፣ ሥራው ተለይቶ እየተነገረው፣ ሁለት ወር ካልተለወጠ በጽሑፍ አስጠንቅቂው። ሕጉ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ማርፈድን፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠበት፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ለማሰናበት በቂ ያደርገዋል። ወረቀት ሳይኖርሽ በንዴት አታባርሪ፤ ፍርድ ቤት ትረቺያለሽ። እሱን ተሸክመሽ ብትቆዪም ደህናዎቹ እያዩ ይቀዘቅዛሉ።

ሁለተኛው ቅርንጫፍ አሁን አይሆንም። በአንድ ቁልፍ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሁለተኛ ቁልፍ አይጨምርም። በዚህ ሳምንት ሐኪም ቤት ሂጂ፤ የደመወዙን ሒሳብ ክፈቺ፤ ቅጣቱ መነሳቱን ንገሪያቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ኃላፊውን መርጠሽ ሦስቱን ሌሊት አብረሽው ቁሚ፤ በአራተኛው ቁልፉን ሰጥተሽ ስልክሽን ሌላ ክፍል አድርገሽ ተኚ። ወረቀቱ ላይ ላሉት ሦስት አደጋዎች የሚደወልለት ሰው ከጎረቤት ወይ ከቤተሰብ አዘጋጂ። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ሦስት ቁጥር ጽፈሽ ላኪልኝ፦ ደመወዝ የተከፈለበትን ቀን፣ በቀን የሚባክነውን ዳቦ፣ ሌሊት የተደወለልሽን ስልክ ብዛት። ስለ ቅርንጫፉ ያኔ እናወራለን።